መጻሕፍቱ የተሰለፉበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፀዳለ ሕልም አየች። በሕልሟ መጻሕፍት ክራባት አስረው ደጇ ላይ ተሰልፈው ነበር።

እንዲህ ያለ ሕልም ቢመጣባት አይፈረድባትም። ባሏ አስናቀ መንገድ ቀያሽ ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ርቆ ያለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ከገባ ወር አልፎታል። ቅርብ የተባለው ትምህርት ቤት በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ስለዚህ ፀዳለ የዘጠኝ ዓመቷን ሶልያናንና የስድስት ዓመቱን ይትባረክን እቤት ላስተምር ብላ ቆረጠች። መቁረጡ ቀላል ነበር። ግን በምን መጽሐፍ? አንዷ ጓደኛዋ በስልክ፣ «የመንግሥትን መጽሐፍ ያዢ፤ ሌላ እንዳትነኪ» አለቻት። ሌላዋ ከውጭ የሚመጣው ይሻላል አለች። ሦስተኛዋ ጭራሽ፣ «ምን መጽሐፍ ያስፈልጋል? ጭቃ ስጫቸው፣ ራሳቸው ይማራሉ» ብላ ዘጋችው። ፀዳለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታነሳና ስትጥል ሰነበተች። አሥረኛ ክፍል ላይ ማቋረጧን ደግሞ ለልጆቿ ነግራቸው አታውቅም። ያን ቀን ጉንጯን የሳይንስ መጽሐፍ ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ሰልፉ ከደጇ ተነስቶ፣ የቆመውን የመንገድ መደልደያ ግሬደር ዞሮ፣ እስከ አሸዋው ክምር ድረስ ይዘልቅ ነበር። መጻሕፍቱ የትምህርት ማስረጃቸውን በፕላስቲክ አቃፊ ይዘው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። የሳይንሱ መጽሐፍ ገጾቹን በማበጠሪያ ያስተኛል። በረንዳው ላይ ሶልያናና ይትባረክ እግራቸው መሬት ሳይደርስ ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል።

«ቀጣይ!» አለች ሶልያና።

አንድ ወፍራም መጽሐፍ እየተንቀጠቀጠ ቀረበ።

«ስም?»

«ሒሳብ። ሦስተኛ ክፍል።»

«ልጆችን ለምን ታስለቅሳለህ?»

ሒሳብ አንገቱን ደፋ። «እኔም እኮ እያለቀስኩ ነው። መልሶቼ ያሉት ከኋላዬ ነው፤ ዞሬ ላያቸው አልቻልኩም።»

ይትባረክ አዘነለትና ከረሜላ ሰጠው። ቀጥሎ የገባው ጂኦግራፊ ወንዞቹ እያንጠባጠቡ በረንዳውን ስላጨቀዩት፣ ደርቆ እንዲመለስ ተነገረው። እንግሊዝኛ ደግሞ ባርኔጣውን አንስቶ ላገኘው ሁሉ «ጉድ ሞርኒንግ!» ይላል።

«ከሰዓት በኋላ እኮ ነው» አለችው ሶልያና።

«ይቅርታ፤ እኔ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ነኝ።»

ፀዳለ ሳቋ መጣ። ልትስቅ አፏን ስትከፍት ከትምህርት ቢሮ የመጡ ባለሥልጣኖች ከበቧት። ሁሉም ሙሉ ልብስ ከላይ፣ ቁምጣ ከታች ለብሰዋል።

«እመቤቴ፣ ማኅተም ያድርጉልን» አሉ እጅ እየነሱ። «ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈን ነው።»

ፀዳለ በእጇ ያለውን አየችው። ድንች ነበር። ደስ አላት።

«ማኅተም የምታደርገው የለችም» አለቻቸው። «ነገ ተመለሱ።»

«እግዜር ይስጥልን!» ብለው እየተቃቀፉ፣ እየዘለሉ ሄዱ። አንደኛው በደስታ ጫማውን ረሳው።

ፀዳለም አብራቸው መዝለል ጀምራ ነበር፤ ሶልያና ግን እርሳሷን ወደ እሷ ቀሰረች።

«አንቺስ፣ እማዬ? ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

እግሮቿ አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ። መጻሕፍቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ልትዋሽ ፈለገች፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

«አሥረኛ ላይ… አቋርጬ…»

ንግግሯን ሳትጨርስ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተጎንጉኖ፣ የመቆፈሪያው ማሽን የኤክስካቫተሩ ባልዲ ውስጥ ተቀምጣ ራሷን አገኘችው። ባልዲው ወደ ላይ ወጣ። የመማሪያ ክፍሉ እሱ ነበር። ተማሪዎቹ በሙሉ ወላጆች ናቸው፤ አስናቀ ከኋላ ወንበር ማስቲካ በማላመጡ ተንበርክኮ ቅጣት ላይ ነው። መምህሩ ይትባረክ ነው።

«ፈተና!» አለ ይትባረክ። «ማታ በመኪና ስንሄድ ጨረቃ የምትከተለን ለምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ ልጁ በእውን ጠይቋት፣ «ዝም ብለህ ብላ» ብላው ነበር። አሁን ላብ በላብ ሆነች። አንዱ አባት እጁን አውጥቶ፣ «ማግኔት ስላለን!» አለ፤ ባልዲው ውስጥ የነበረ ቀዳዳ ዋጠው። አስናቀ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ፣ «መንገድ ስለማታውቅ ነው በይው፣ በሙያዬ ነው የምልሽ» አላት። እሱንም ዋጠው።

ፀዳለ ተነሳች።

«አላውቅም» አለች።

ሀፍረቱ ፊቷን ለበለበው። ከዚያ ይትባረክ ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ወጣ።

«መቶ ከመቶ! ነይ፣ እኔም አላውቅም፤ አብረን እንየው!»

መጻሕፍቱ ሽፋናቸውን እያጋጩ አጨበጨቡ። ሒሳብ እያለቀሰ እስክስታ መታ። ፀዳለ በጭብጨባው መሃል ተንሳፈፈች፤ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

«እሺ ግን የትኛችሁን ልምረጥ?» ብላ ጮኸች።

መጻሕፍቱ በአንድ ድምፅ ሊነግሯት ገጻቸውን ከፈቱ፤

«እማዬ፣ ተነሺ! ሰው መጥቷል!»

ሶልያና ትከሻዋን ትነቀንቃት ነበር። ፀዳለ ዓይኗን እያሻሸች ወጣች። ደጅ ላይ የካምፑ ምግብ አብሳይ ሚስት ወይዘሮ ብርዛፍ ሦስት ልጆቿን አሰልፋ ቆማለች። ከኋላዋ የሾፌሮቹ፣ የመካኒኮቹና የጥበቃዎቹ ሚስቶች፤ እያንዳንዷ በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው መቀመጫ ዱካ ይዛለች።

«ፀዳልዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ» አለች ብርዛፍ። «አስናቀ፣ ‹ፀዳለ ሰኞ ትምህርት ቤት ትከፍታለች› ቢለን ጊዜ እኛማ ማመን አቃተን!»

«ማን ነው የሚከፍተው? አስናቀ የታለ?»

«እዚያ ማዶ ሰሌዳ እያስቆረጠ ነው።»

ፀዳለ ልጆቹን መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ አቋረጠች፤ ከታች ካለው መታጠፊያ አንድ መኪና ተጨማሪ ልጆች ጭኖ ጥሩምባውን እያሰማ ይመጣ ነበር።