ለቅሉ በርኖስ ያለበሱት አያ ጀምበሩ

ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እንደ እኔ ያለው ሰው ብዕር ሲያነሳ የተማረ ይስቅ ይሆናል፤ ይቅር በሉኝ። ስለ አያ ጀምበሩ ዝም ካልኩ ግን ያንቀኛል።

ከፀሐይ ጋር የተጣላ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ቅቤውን፣ አንዷ ልጇን ሲሸሽጉ ይኖራሉ። የኛ የደባርቁ ባላንጣ ደግሞ፣ ስማቸው ራሱ ጀምበሩ ሆኖ፣ የሚሸሽጉት የተባይ መድኃኒት ነበር።

ግራዋና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዳባት ገበያ የመጣ የትንባሆ ቅጠልም ጨምረው፣ በር ዘግተው ይወቅጣሉ። ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ጭስ ባጠቆረው ቅል ይከቱታል። "በጠርሙስ ቢያደርጉትስ?" ያላቸው ወዮለት።

"ጠርሙስ? ብርሃን ያስገባል እኮ! ፀሐይ ሌባ ናት። ኃይሉን ሰርቃ ውሃውን ነው የምትተውልህ!"

ክቡር ቅል በርኖስ ለብሰው ይውላሉ፤ የበርኖሱ ጌታ በስሜን ብርድ ይንዘፈዘፋሉ። ሚስታቸው እናናዬ፣ "እኔን አንድ ቀን እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?" ቢሏቸው፣ "አንቺ ፀሐይ ብትነካሽ አትበላሺም!" አሉ አሉ።

"እንግዲያው ከቅሉ ጋር ተኛ!"

ገበያ ሲወጡም ጃንጥላው ለቅሉ ነው። ራሰ በራ አናታቸው ይጠበሳል።

በሰባ አራት ዓ.ም. ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ገብሳችንን ወረረው። አያ ጀምበሩ መጀመሪያ ለኔ ለሙከራ አንድ ቅል ሰጡኝ። "ጀምበር ሳትጠልቅ እንዳትከፍተው!" ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔ ግን ማታ ማታ የፊደል ትምህርት አለብኝ። በጠራራው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ረጨሁት።

በሦስተኛው ቀን ክሽክሹ ያው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ ጓድ አለነ፣ "እህሳ፣ ሁላችንም እንርጨው ወይስ ይቅር?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ው... ውሃ ነው" አልኩ።

አያ ጀምበሩ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "ስንት ሰዓት ረጨኸው?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ገባቸው። ብድግ አሉና፣ "እውነቱን ነው። ሳልሸፍነው ቀርቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አሉ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ጓድ አለነም፣ "እንግዲህ የአያ ጀምበሩ ውሃ አይረጭም" ብለው ቆረጡ። የሰፈሩ ገብስ ሁሉ ለክሽክሽ ተፈረደ።

ስንወጣ "ስለምን ዋሹልኝ?" አልኳቸው።

"አንተም እንደ መድኃኒቱ ነህ፤ ሰው ፊት ሲያወጡህ ኃይልህ ይሄዳል። ጥላ መያዝ ደግሞ ሥራዬ ነው።"

ከቅል በቀር ደንታ የላቸውም እያልኩ የማማቸው ሰውዬ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰው ለጋራ እርሻ ሲሰበሰብ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። "በጠራራ ፀሐይ የረጨሁት እኔ ነኝ፤ አያ ጀምበሩ ነግረውኝ ነበር" አልኩ። እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ጓድ አለነ ግን ሳይስቁ፣ "በሉ፣ ሲመሽ የሚረጭ ማነው?" አሉ። አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። እኔም ማጭዴን ይዤ ለአያ ጀምበሩ ግራዋ ልቆርጥላቸው ወደ ሸለቆው ወረድኩ።