ለካርቴጅ ያለቀሱት ፊታውራሪ

አንባቢዎቼ፣ በሩቅ አገር ለሞተ እያለቀሰ፣ ደጁ ለቆመው ግን ዓይኑ የማይረጥብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አሰላ ላይ ገጥሞኛል። ስማቸው ይቅር፤ ፊታውራሪ እንበላቸው። ዲክሲስ ላይ ዓይን የማያዳርሰው መሬት አላቸው፤ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ካገኙ ደግሞ እህል ውሃ ይረሳሉ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ጋብዘውኝ፣ የሮም መንግሥት ካርቴጅ የምትባለውን ከተማ አፍርሶ እንዴት እንዳረሳት ይተርኩልኝ ጀመር። «የሙታን አጥንት በማረሻ ይገለበጣል? አረመኔዎች!» ብለው ዕንባቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ አብሬያቸው አዘንኩ፤ ጥብሱ ግን አልተናነቀኝም።

ይኼኔ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ የቆመው ጭሰኛቸው ገመዳ ገባ። አማርኛ ስለማይሆንለት እኔ አስተረጎምኩለት። «ጌታዬ፣ ትራክተርዎ ጎጆዬን አፈረሰው፤ ይሁን። ነገ የአባቴን መቃብር ሊያርሰው ነው። እሱን ብቻ ይተዉልኝ» አለ።

ፊታውራሪ መጽሐፋቸውን ሳይከድኑ፣ «ትራክተር ለአንድ መቃብር ብሎ አይዞርም በለው» አሉኝ።

በጥሩ ኦሮምኛ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል ነገርኩት። እጅ ነስቶ ወጣ።

«የት ላይ ደርሰን ነበር?» አሉኝ ፊታውራሪ።

«መቃብሩ ሲታረስ» አልኳቸውና ሳህኔን ለጭማሪ አቀረብኩ።