ባሕር የገባንበት ዓርብ

በዚህ ዓለም ብዙ ዓይነት ማኅበር አለ። አንዱ ሙት ይቀብራል፣ አንዱ ዕቁብ ይጥላል፣ አንዱ ደግሞ ለመሰብሰብ ብቻ ይሰበሰባል። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ያለው የእኛ ማኅበር ግን የተቋቋመው ለላቀ ዓላማ ነው፤ ለሽርሽር። ሙሉ ስሙ «በቡሪና አካባቢዋ የሚኖሩ ወዳጆች የዓርብ መዝናኛና የመስህብ ጉብኝት ማኅበር» ይባላል። ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ግማሽ ዓርብ ስለሚፈጅ እኛ «ሽርሽር» እንለዋለን፤ ሊቀመንበሩ ሳይሰሙ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ገዛኸኝ ናቸው። ገበያው ዳር በርበሬና ሽሮ ይነግዳሉ። ካርቱም ከገቡ ዘመን ስለሆናቸው ዓረብኛቸው እንደ አማርኛቸው ነው፤ አማርኛቸው ደግሞ እንደ ዜና አንባቢ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ለማለት እንኳን «በቅድሚያ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እንዲህ ያለ ሰው የሚመራው ማኅበር አይወድቅም። ቢወድቅም መግለጫ ሳይሰጥ አይወድቅም።

ያስመዘገብናቸው ድሎች ብዙ ናቸው። ሙዚየም ልንጎበኝ ሄደን፣ በሩ ላይ የመክፈቻ ንግግር ሲደረግ መዝጊያው ሰዓት ደርሶ ተመልሰናል። ወንዙ ማዶ ኦምዱርማን የሱፊ ደርዊሾቹ እየዞሩ ሲያመሰግኑ ልናይ ሄደን፣ ጋሽ ገዛኸኝ አብረው ሲዞሩ ራሳቸውን አዙሯቸው ተሸክመናቸው መጥተናል። ይህም «የተሳካ የባህል ልውውጥ» ተብሎ ጸድቋል።

ታዲያ አንድ ቀን በርበሬ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠን ሳለ ታሪካዊው ውሳኔ ተነገረ።

«በቅድሚያ» አሉ ጋሽ ገዛኸኝ፣ «የሚቀጥለው ዓርብ ጉዟችን ወደ ባሕር ይሆናል።»

አንዱ ያስነጥሰው የነበረውን ማስነጠስ ዋጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳኖች ዓባይን «በሐር» ይሉታል። ወንዙም በሐር ነው፣ ትልቁም ውሃ በሐር ነው፤ ምን ገዷቸው፣ ሁለቱንም በእርጋታ ነው የሚያዩት። ዓርብ ዓርብ ቤተሰብ ሰብስበው «በሐር እንሂድ» ብለው ወንዝ ዳር ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ባሕር ጮክ ተብሎ አይጠራም። እገሌ ባሕር ገባ ከተባለ በሊቢያ አድርጎ ጀልባ ላይ ወጣ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ባሕር የገባ ሰው ስልኩ ዝም ይላል። ከዚያ ወይ ከጣልያን ፎቶ ይመጣል፣ ወይ ነጠላ ይዘቀዘቃል።

ሰማኸኝ እጁን አወጣ። ሰማኸኝ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል በቀን ሥራ ጡብ የሚሸከም፣ ከሁላችንም ረጅምና ከሁላችንም ዝምተኛ የሆነ ልጅ ነው። ኦምዱርማን ሰው ቤት ለምትሠራው ለሰብለ ቀለበት አስሯል፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰብለ ወንድሟ ተድላ ባሕር ገብቶ አልወጣም። ሬሳውም አልተገኘም። ስለዚህ ቀለበቱን ስታስር አንድ ነገር ብቻ ነው ያስማለችው፤ ባሕር እንዳይገባ። በሚካኤል ምሏል።

«ጋሼ፣ ዓባይ መሀል ያለው ቱቲ ደሴት አይደል የምንሄደው? ለምን ቱቲ አንለውም?» አለ ሰማኸኝ።

«ቱቲ!» አሉ ጋሽ ገዛኸኝ፣ ዝንብ እንደገባባቸው ሁሉ። «ታላቁ የቱቲ ጉዞ ይባላል እንዴ?»

«ዓባይ እንበለዋ እንግዲያ።»

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ዓባይን ለማየት ከሆነማ አገራችን ምን አጣን? ሰው አገሩ ትቶት የመጣውን ነገር ሊጎበኝ ትራንስፖርት ይከፍላል? ኸላስ፣ አበቃ፣ ባሕር ነው። ማፊ ሙሽኪላ!»

ችግር አለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዓርብ ጠዋት ወንዝ ዳር ተሰበሰብን። ከዳር ወደ ደሴቱ የሚያሻግር መልካም ድልድይ አለ፤ መኪናውም አህያውም በላዩ ይመላለሳል። ጋሽ ገዛኸኝ ግን «ባሕር በድልድይ አይገባም» ብለው በጀልባ አደረጉት። ጀልባ ነጂው አብዱልወሃብ ድልድዩን በአገጩ እያሳየ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ኋላ ተስፋ ቆርጦ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ብርቱካናማ የዋና ጃኬት ወረወረልን። ለብሰን ስንቆም ጋሽ ገዛኸኝ እንባ ቀረሽ ደስታ ተሰማቸው።

«እንዳትነቃነቁ! ሰማኸኝ፣ አንተ ከፊት!»

ፎቶው ተነሣ። ወዲያው ፌስቡክ ላይ እንዲህ የሚል መግለጫ ታክሎበት ወጣ፤ «ዛሬ በእግዚአብሔር ፈቃድ አባሎቻችን በሙሉ በከፍተኛ ወኔ ባሕር ገብተዋል። ወደኋላ መመለስ የለም!» ከዚያ በማኅበሩ ደንብ መሠረት ስልኮቻችን ሁሉ ጠፍተው በአንድ ፌስታል ተሰበሰቡ። ደንቡ ስልክ እየነካኩ መዝናናትን ይከለክላል። የጋሽ ገዛኸኝም ስልክ እኩል ገባ፤ መሪነት በምሳሌ ነውና።

የባሕር ጉዟችን አንድ ዘፈን እንኳን አላስጨረሰም። አሸዋው ላይ ወረድን፣ ጨርቅ አነጠፍን። ዓርብ ለሱዳን የዕረፍት ቀን፣ ለእኛ ደግሞ የጾም ቀን ስለሆነ፣ አጠገባችን ዓሣ እየተጠበሰ እኛ ሽሮ በላን። ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚል ክርክርም ተነሥቶ፣ ዓሣው ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ መፍትሔ ሳያገኝ ቀረ። ሰማኸኝ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ብሎት ነበር፤ «ሰብልዬን ነው ማምጣት» እያለ ነበር።

ወደ ማታ ግድም ፌስታሉ ተፈታ። ስልኮቹ እንደተከፈቱ አብረው መጮህ ጀመሩ።

«በሰላም ያድርሳችሁ።» «እመብርሃን ትከተላችሁ።» «ወይኔ ወንድሞቼን!» «እናታቸው ሰምታለች?» ከጎንደር፣ ከመተማ፣ ከገዳሪፍ፣ ሁሉም ይደውላል። ሰማኸኝ ስልኩን አይቶ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ሰብለ ስትደውል ውላለች። መልሶ ሲደውል ስልኳ ዝግ ነው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?» አለ። «ታገባኛለች እንዴ አሁን? በሚካኤል እኮ ነው የማልኩት!»

«ተረጋጋ» አሉ ጋሽ ገዛኸኝ። «ሕዝብ ሲደናገር መፍትሔው ማስተካከያ ነው።» ወዲያው ዓይናቸውን አጥብበው፣ ቃላት እየመረጡ ጻፉ፤ «ባሕር ገብተው የነበሩት አባሎቻችን አንድም ሳይቀሩ ከባሕር ወጥተው በታላቅ ክብር መሬት መግባታቸውን ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል።»

ሰማኸኝ በትከሻቸው በኩል አነበበው። «ጋሼ፣ መሬት ገቡ ይባላል እንዴ?»

«ታዲያ የት ልትገባ ነበር፣ ሰማይ?»

ላኩት። ማስተካከያው ጥርጣሬን ሁሉ ለማስወገድ ነበር የታሰበው፤ በእርግጥም አስወገደ። ባሕር ገቡ ሲባል ይደርሱ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርግ የነበረ ሁሉ ተስፋውን ቆረጠ። ጎንደር ጡሩምባ ተነፋ አሉ።

ኦምዱርማን የደረስነው እየሮጥን ነው። ለቅሶው የተቀመጠው ወይዘሮ በቀለች ግቢ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ በቀለች ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ለኦምዱርማን ልጆች ሁሉ እናትም አስታራቂም እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ደረት ይመታሉ፤ ወንዶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንዱ አልቃሽ «ያ ረጅሙ፣ ያ መለሎው» እያለ ሳለ መለሎው ራሱ በር ላይ ቆመ። አልቃሹ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሰብለ ተነሣች። ዓይኗ አብጦ ነበር።

«የት ነበርክ?»

«ቱቲ። ወንዙ ጋ። እዚሁ፣ ድልድዩ ሥር።»

«ፌስቡኩ ባሕር ነው የሚለው።»

ሰማኸኝ ዞሮ ጋሽ ገዛኸኝን አያቸው። ጋሽ ገዛኸኝም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቅድሚያ፣ እህቴ፣ ይህ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሱዳኖች ወንዙን በሐር ነው የሚሉት። በዓረብኛ ነው እኛ የገባነው።»

«ወንድሜ ግን በአማርኛ ነው የሞተው» አለች ሰብለ።

ሰብለ ቀለበቱን አውልቃ ወይዘሮ በቀለች መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «ያ ወንዝ የሚሉትን በዓይኔ ሳላይ ጣቴ ላይ አይገባም» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ሰማኸኝ በሩን እያየ ቆሞ ቀረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ግን ግድግዳውን ተደግፈው ሲያለቅሱ ከዋሉት ጎልማሶች ሁለቱ፣ ስለሺና ንጋቱ የሚባሉ የቀን ሠራተኞች፣ ጋሽ ገዛኸኝን ወደ ጥግ ወሰዷቸው። ዓይናቸው ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ቀጣዩ መቼ ነው?» አለ ስለሺ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ቱቲ ነዋ።» ጠቀሳቸው።

«ቱቲማ በሚቀጥለው ዓርብ ልንደግመው እንችላለን። ደሴት ነው፣ ነፋሻማ ነው።»

«ደሴት መሆኑንማ እናውቃለን» አለ ንጋቱ። «መጀመሪያ ደሴት ነው የሚደረሰው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእኛ ተዉት።»

«ኧረ እውነተኛው ቱቲ ነው! ድልድይ ያለው!»

«ገባን ጋሼ። ጮክ አይበሉ። ወላሂ፣ ለሰው አንናገርም።»

አልተናገሩም ማለት ይከብዳል፤ በሳምንቱ ወንዝ ዳር ከባሕሪም ከኦምዱርማንም የመጣ ወጣት ግጥም ብሎ ነበር። በባሕር ሰው የሚያሻግር ደላላ ነገሩን በስሙ ጠርቶ ስለማያውቅ፣ ጋሽ ገዛኸኝ እውነቱን በተናገሩ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ አምኗቸዋል። ሁሉም ሻንጣ ይዟል። አንዳንዱ ሥራውን ለቋል፤ አንዳንዱ ከእናቱ ጋር ተላቅሶ ነው የመጣው። ጋሽ ገዛኸኝ በሕዝቡ ብዛት ልባቸው ተነክቶ «የማኅበራችን ዓላማ ወደ ታች ሰርጿል» አሉኝ።

«ሻንጣውስ?» አልኳቸው።

«ምሳ ነዋ። የሠለጠነ ሰው ምሳውን ይዞ ነው የሚመጣው።»

ሰብለም አሠሪዋን አስፈቅዳ ከወይዘሮ በቀለች ጋር መጥታ ነበር። ሰማኸኝን ሰላም አላለችውም። እሱ ፈንጠር ብሎ የሰው ሻንጣ ወደ ጀልባው ያቀብላል፤ በየመሀሉ ያያታል። አብዱልወሃብ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ድልድዩን ምን አድርጋችሁ ነው?» እያለ እየተመላለሰ አሻገረን። በጉዞው ላይ የሚጸልይ ነበር። ዓይኑን የጨፈነም ነበር።

አሸዋው ላይ እንደወረድን ስለሺ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ቀና ሲል ሻይ የምትሸጠውን መሪማን አያት፤ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስኳር ታማስላለች። ከኋላዋ አንድ ሰውዬ አህያውን ውሃ ያጠጣል።

«ይሄ የት አገር ነው?» አላት በዓረብኛ።

«ቱቲ» አለች መሪማ። «ሻይ ልቅዳልህ?»

ስለሺ ውሃውን ዞሮ አየ። ማዶ ቡሪ ትታያለች፤ ከድልድዩ ላይ አንድ ሃይስ ሚኒባስ እየጮኸ ያልፋል። ነገሩ ቀስ በቀስ ገባው፣ ለሌላውም እንደዚሁ ገባው።

«አታላይ!» አለ ንጋቱ ሻንጣውን ወርውሮ። «ባሕር ብለው ወንዝ!»

«እናቴን አስለቅሼ የመጣሁት ለዚህ ነው?»

«ሥራዬን የለቀቅኩት ሽሮ ልበላ ነው?»

ያን ያህል ሕዝብ በጀልባ ተሳፍሮ፣ አንድ ሰው ሳይጎድል፣ አንድ ጫማ እንኳን ሳይረጥብ፣ ሁሉም ደኅና በመድረሱ እንዲህ የተቆጣበት ጉዞ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ጋሽ ገዛኸኝ ጨርቁ ላይ ወጥተው «በቅድሚያ፣ ማኅበራችን ባሕር ካስገባቸው ሰዎች መካከል እስካሁን አንድም...» ሲሉ የሻንጣ ናዳ ወረደባቸው።

ሰብለ ውሃው ዳር ቆማ ነበር። ወንዙን አየች፣ አህያውን አየች። ከዚያ የሚጮሁትን ልጆች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ፊታቸው በንዴት የቀላ፣ ደረቅ ልብስ የለበሱ፣ በሕይወት ያሉ። እጇን ወደ ወይዘሮ በቀለች ዘረጋች፤ ቀለበቱን ተቀብላ አጠለቀች። ሰማኸኝ ሻንጣ እንዳቀፈ ፈዞ ቀረ።

ከዚያ ጨርቃቸው ላይ ተኮራምተው ወደተቀመጡት ጋሽ ገዛኸኝ መጣች። ጩኸቱ ትንሽ በረድ አለ፤ የምትሰድባቸው መስሎን ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ምነው ተድላንም እንደ እርስዎ ያለ ሰው ባታለለው ኖሮ።»

ጋሽ ገዛኸኝ ከወደቀባቸው ሻንጣ ሥር እጃቸውን አወጡ። «'ባታለለው' የሚለው ቃል ይነሣልኝ» አሉ።

ሰብለ አላነሣችም።