አንገት መድፋት በእንግሊዝኛ

ቆዩማ፣ ሳቄን ልጨርስ! ኧረ ሆዴን! ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነውና እናንተም ሳቃችሁን ቆጥቡ።

ሰው የሚያውቀውንም ነገር ስሙ ሲከብደው ይፈራዋል። እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት ሴትዮ፣ «ጀረንድ» ሲሉኝ የበሽታ ስም መስሎኝ ነበር። ለካ የኛው «መብላት»፣ የኛው «መሳቅ» ኖሯል! እኛ ከፊት «መ» እንሰካለን፣ እንግሊዝ ከኋላ «ኢንግ» ይቀጥላል፤ በቃ። የጀረንድ ሐረግ የሚሉት ደግሞ እንደ ጉርሻ ነው። «ትኩስ ሽሮ በቃሪያ መብላት» ብትሉ፣ ውስጡ ስንት ነገር ቢኖር ተጠቅልሎ አንድ ስም ይሆናል። አንዴ ይጎረሳል።

ይህን ያስተማረችኝ ሊያ ናት። ታናሽ እህቴ ባረፈች በዓመቱ ልጇን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ አመጣኋት። ናይሮቢ ውስጥ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ ጓዳ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሷ እንግሊዝኛ ታስጠናኛለች። ስሳሳት ትስቃለች። እንድትስቅልኝ ስል ሆን ብዬ የተሳሳትኩትን እግዜር ይቁጠረው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቷ ተጠራሁ። መምህርቷ፣ ደግ ኬንያዊት፣ በስዋሂሊ፣ «ልጅቷ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ስጠይቃት መሬት መሬት ታያለች። ዛሬም ካልመለሰች አንድ ክፍል ዝቅ ትላለች» አለችኝ።

ክው አልኩ። ጥፋቱ የማን መሰላችሁ? የኔው! የመጀመሪያ ቀን በር ላይ አቁሜ፣ «አስተማሪ ፊት አንገትሽን ድፊ፣ እናት ያላሳደገቻት እንዳያስብሉሽ» ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ልጄ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምክሬን ስትጠብቅ ኖራለች።

መምህርቷ ሊያን አስጠርታ በጀረንድ ሐረግ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ጠየቀቻት። ሊያ አንገቷን ደፋች።

«ቀና በይ፣ እናቴ» አልኳት በአማርኛ። «እዚህ አገር ጨዋነት ቀና ማለት ነው።»

ቀና አለች። ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን እያየች አንድ ረጅም እንግሊዝኛ ለቀቀችው። መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ዞር ብላ እኔን ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ክፍሏ ውስጥ ትቆያለች» አለች።

እኔማ «አንት» ከሚለው፣ አክስት ማለት ነው፣ በቀር አንድም ቃል አልያዝኩም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ እንደተሳፈርን፣ በደስታ እየተንከተከትኩ፣ «አንቺ፣ ምን ብለሽ ነው ሴትዮዋን ያስለቀስሻት?» አልኳት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብን። ሊያ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ በጆሮዬ፣

«‹የአክስቴን ሳቅ በየቀኑ መስማት እናቴ ቤት ያለሁ እንዲመስለኝ ያደርጋል› ነው ያልኩት። አሁን ግን እትዬ፣ በማርያም ቀስ ብለሽ ሳቂ፤ ሰው እያየን ነው።»