ቤዝመንት እንደ መለያየት አይቆጠርም

ባልና ሚስት መለያየታቸውን የሚወስነው ማን ነው? ሽማግሌ ነው የሚል አለ፤ ፓስተር ነው የሚል አለ፤ ዳኛ ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ዘንድሮ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ የታክስ ሕግ ነው።

ጣጣው የጀመረው የጸሎት ፕሮግራም ላይ ነው። የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል፣ እኔ ቂሉ ተነሥቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ቁጣ ጸልዩልኝ አልኩ። ሻይ ልትቀዳ የወጣች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። ወንድሞችና እህቶች ከልባቸው ጸለዩ። ቁጣዋም በእርግጥ ጠፋ፤ ዝም አለች። እኔም ሞንትቤሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ካለው ክፍል፣ ወረድኩ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። የዓመቱን የታክስ ቅጽ ለየብቻ እንደምናስገባም ያሳወቀችኝ ከላይ ቤት ሆና በቴክስት ነው።

እኔ ኤርፖርት ታክሲ ነው የምነዳው። ጡረታ የሚያስብልኝ አሠሪ ስለሌለኝ፣ እዚህ አገር አይ አር ኤ የሚሉትን የግል የጡረታ ሂሳብ ከፍቼ ዓመቱን ሙሉ አጠራቅሜበታለሁ። ያጠራቀምኩት ታክሴን ያቀልልኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ታክስ ወደሚሠሩልን ወደ አቶ ተስፋልደት ሄድኩ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ቃል የማያባክኑ አዛውንት ናቸው።

ባለቤትህ በሥራዋ ጡረታ አላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ሆስፒታሉ ያስቀምጥላታል አልኳቸው። ለየብቻ እንደምናስገባ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ገንዘቡ ያንተው ነው፣ ታክስህን ግን አይቀንስልህም አሉኝ። ከባልና ሚስት አንዱ በሥራው ጡረታ ካለው፣ ለየብቻ ለሚያስገቡ ቅናሹን የሚያስገኘው የገቢ ወሰን በጣም ዝቅተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ አልፌዋለሁ። የእሷ ጡረታ እኔን ምን አገባው? እኛ እኮ ከተለያየን ቆየን አልኳቸው።

«ዓመቱን ሙሉ በተለያየ ቤት ነው የኖራችሁት?»

ቤዝመንት ነው የምኖረው አልኩ።

«ልጄ፣ ቤዝመንቱ የራሱ አድራሻ አለው?»

እንኳን አድራሻ መስኮትም የለው። አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ ከኖራችሁ ዓመቱን አብራችሁ ናችሁ አሉኝ። አብራችሁ ካስገባችሁ ግን ወሰኑ ከፍ ስለሚል ቅናሹን ታገኛለህ፣ የሚያስፈልግህ የእሷ ፊርማ ነው ብለው ሸኙኝ።

ደረጃውን ወጣሁ። አልማዝ የሥራ ልብሷን ትተኩሳለች። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከአፌ የወጣው የታክስ ሕግ ሆነ። ቀና ሳትል እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አብሬህ ከፈረምኩ ያንተን ስህተት እኔም እጠየቅበታለሁ። ሃያ ዓመት ተጠይቄልሃለሁ፤ ደከመኝ።»

ይህን የተናገረችው በቁጣ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ያ የተጸለየበት ቁጣ ምነው በተመለሰልኝ! እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ለወደፊቱስ ምን ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ። ይኼኛውንም ዓመት በአንድ ቤት ስለጀመርነው እንደማይሆን፣ ለከርሞ ግን ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ተለያይቶ የኖረ ሰው እንደ ላጤ እንደሚቆጠርና ቅናሹን እንደሚያገኝ ነገርኳት።

ካውያውን አቆመችና በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«እንግዲያው ከጃንዋሪ በፊት ቤት ፈልግ» አለች፣ ረጋ ብላ።

በትዳር ዘመናችን ስለ ጡረታዬ ስታስብልኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።