በእጅ አዙር የሚናፍቅ ሰው

በየቤቱ አንድ የእጅ አዙር ሰው አለ። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ እሱ ራሱ ነው።

የእጅ አዙር ሰው ጨው አቀብሉኝ አይልም። «በዚህ ቤት ጨው የሚባል ነገር አልቋል እንዴ?» ብሎ ግድግዳውን ይጠይቃል። ሲበርደው በሩን ዝጉት አይልም፤ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሰው እስኪያየው ድረስ ይንቀጠቀጣል። ፋርማሲ ገብቶ «አንድ ጓደኛዬን እዚህ ጋ ይወጋዋል» ይላል፣ የራሱን ጎን እየነካ። ልመና የሚመስል ቃል ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል።

ልብስ ሰፊዋ ያገባችው የዚህን ወገን አለቃ ነው።

አገባችው ማለትም ያው በእጅ አዙር ነው። ያኔ ወጣት ሳለ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ተመልሶ መጣ፣ አሁንም ሊያሳጥር። ሌላ ሱሪ አመጣ። ያንንም አሳጠረች። አንድ ቀን የመጀመሪያውን ሱሪ ይዞ ሲመለስ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ስማ፣ ከዚህ በላይ ከተቆረጠ ቁምጣ ነው። የምትለው ነገር ካለህ በል» አለችው። ጣሪያውን አየና «ቁምጣስ ምን አለበት?» አለ። የጋብቻ ጥያቄው ይኸው ነበር። እሷም እሺ ያለችው ሱሪዎቹ አሳዝነዋት ነው ትላለች።

ሰፈሩ «ክቡር አምባሳደሩ» ይለዋል። እሷ ከምትሰፋበት የፊት ክፍል በመጋረጃ በተከፈለችው ጠባብ ጥግ የጌም ማሽን ይጠግናል። የሁሉንም ኩባንያ ግን አይደለም፤ ከጥቁሩና ከተቀናቃኙ ከነጩ የጥቁሩን ብቻ። በር ላይ ለቆመ ሁሉ የጥቁሩን ማሽን ማዕረግ፣ የማቀዝቀዣውን ጸጥታ፣ የጆይስቲኩን ልስላሴ ያስረዳል። የሚወክለው ኩባንያ እንዲህ ያለ አምባሳደር በዓለም ላይ እንዳለው አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ያስጠነቅቀው ነበር፤ ምክንያቱም ክቡርነታቸው ከሚጠግኑት ይልቅ የሚሰብኩት ይበዛል።

ነጩን ማሽን ይዞ የሚገባ ደንበኛ ወዮለት። «ይኼ አልታመመም» ይለዋል ዕቃውን በአንድ ጣት እየገፋ። «ሲፈጠርም እንዲህ ነው።» ደንበኛው ፊቱ ሲጠቁር ግን ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «መንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ባልደረባ አለኝ። እሱ እንዲህ ዓይነቱን አይጠየፍም። ተወውና ልላክለት» ይላል። ማሽኑ በማግስቱ ተሠርቶ ይመለሳል። ያንን ባልደረባ ሰፈሩ አይቶት አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ግን በደንብ ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ምሳ ታቀርብለታለች። ከመጋረጃው ኋላ ካቻቪቴውን ጥርሱ ላይ ነክሶ፣ ለነጩ ማሽን ስድብ እያዜመ ይጠግናል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ሴት ልጅ። አባትና ልጅ አንድ ጌም ይወዱ ነበር፤ በጥቁሩ ማሽን ላይ ብቻ የሚገኝ። ሁለት ሰው አንድ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ እሱ በቀኝ እሷ በግራ፣ በማዕበል ውስጥ የሚቀዝፍበት ነው። ሲሸነፉ ይጣላሉ፤ ሲያሸንፉም ይጣላሉ። «ሠሪዎቹ ይቺን ጀልባ ለማንም አይሰጧትም» ይል ነበር አባት። «ቢሞቱ አይሰጧትም።»

ልጅቷ ኮምፒውተር ተማረች፣ ሌላ ከተማ ሄደች፣ ሥራ ያዘች። የያዘችው ሥራ የጌም አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው፤ አንዱ ኩባንያ የሠራውን ጌም ወስዶ በሌላው ማሽን ላይ የሚያሳትም። የመጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደነበር ለመናገር በደስታ እየተንተባተበች ደወለች። ጀልባዋን ወደ ነጩ ማሽን ማሻገር!

አምባሳደሩ ስልኩን ለሚስቱ መልሶ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ልጁን በቀጥታ አናግሮ አያውቅም። አልተቆጣም፤ እንዳልተቆጣም በሚስቱ በኩል አስነግሯል።

ልብስ ሰፊዋ ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ያዘች። አባት ከመጋረጃው ወዲያ «የክፍሏ መስኮት መዝጊያ ተሠርቷል በያት» ይላል። እሷም ስልኩን ጠጋ አድርጋ «አባትሽ ናፍቃኛለች እያለ ነው» ትላለች። «እዚያ ይዘንባል ወይ በያት» ይላል። «ናፍቃኛለች እያለ ነው።» በእሷ ቤት ትርጉሙ ልክ ነው፤ ቅሬታ ያቀረበም የለም።

አሁን የልጅቷ ዕረፍት ደርሷል። መምጣት ትፈልጋለች፣ ግን አንድ ነገር ጠይቃለች። «አባዬ ራሱ ነዪ ይበለኝ» አለች። «በአንቺ በኩል አይደለም። ካላለኝ እዚሁ ሥራ ላይ እቆያለሁ። ቤቱ ውስጥ አኩርፎ ሊያየኝ ነው የምመጣው?» ከሰዓት እንደምትደውልም ተናገረች።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ለባሏ አልደበቀችም። ቃል በቃል ነገረችው። እሱም ግድግዳውን «አሁን ማን ከልክሏት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ስልኩ ሲጮህ እናት ስፒከር ላይ አደረገችውና ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ አለ?»

«አለ። አንዱን ማሽን ከፍቶ ከሆዱ አቧራ እየነፋለት ነው።»

«በያት እስኪ» አለ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ጀልባ የሚሸጡ ሰዎች ዕረፍትም አላቸው እንዴ?»

«ንገሪው፣ አልተሸጠችም። ጌሙ አሁንም የሠሪዎቹ ነው።»

«የነሱ ከሆነ ለምን ራሳቸው ይዘውት አልሄዱም? መሐል ላይ ሌላ ድርጅት ምን ጥልቅ አደረገው በያት።»

እናት አፏን ሳትከፍት መልሱ መጣ። «ንገሪው፣ የሌላ ማሽን ማለት የሌላ ሰው ቤት ነው። ጌሙ ሳይፈተሽ አይገባም። እየተጫወቱ ጆይስቲኩ ቢነቀል ምን ይሆናል? መብራት ቢጠፋ የተጫወቱት ይቀመጣል ወይ? አንድ ቃል ከተሳሳተ ይመልሱታል። እነሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለራሳቸው ማሽን ብቻ ነው የሠሩት። ለአንድ ጌም ብለው ሰው ቀጥረው አዲስ ደንብ ከሚማሩ፣ በሩን ለሚያውቅ ይሰጡታል። በሩን የምናውቀው እኛ ነን።»

ከመጋረጃው ወዲያ መንፋቱ ቆመ።

«እሺ፣ በሩን አያውቁም። መሄዱስ ለምን አስፈለጋቸው? ጌሙን የፈለገ ጥቁሩን ይገዛል። ሕጉ ይኸው ነበር።»

«ነበር። አሁን አንድ ጌም መሥራት ሕንፃ እንደማቆም ነው። ጥቁሩ ያለው ሰው ሁሉ ቢገዛው እንኳ ወጪውን አይመልስም። ደሞ ጀልባዋ ሁለት ሰው ትፈልጋለች። የድሮዎቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ትተው ሄደዋል። ገብተህ ቀዛፊ ትጠብቃለህ፣ ማንም አይመጣም። ሰው ያለው ወዲያ ማዶ ነው።»

ገብተህ አለች። ትጠብቃለህ አለች። ልብስ ሰፊዋ ሰምታለች፤ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ታዲያ በስማቸው አይሄዱም?» አለ አባት። እሱም በያት ማለቱን ረስቶታል። «በሰው ስም መግባት ምንድን ነው?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ‹ከኛ ማሽን ሌላ አትዩ› ሲሉ ኖረው፣ አሁን በራሳቸው አፍ ‹እባካችሁ በነጩም ግዙን› ይበሉ? ይከብዳቸዋል። እኛ ስንለው ግን አይከብድም። ቢበላሽ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ቢያምር ምስጋናው የነሱ።»

«ፈሪዎች!»

«ባልደረባህ እንዴት ነው አባዬ? መንገዱ ጫፍ ያለው።»

ካቻቪቴ ወለል ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«ፈሪዎች አይደሉም» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይፈልጋሉ። መፈለጋቸውን መናገር ነው የማይፈልጉት።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ቁርጥራጭ አራገፈች። «እኔ ደግሞ» አለች ለስልኩም ለመጋረጃውም፣ «የዚህ ቤት አከፋፋይ ሆኜ አረጀሁ። ደሞዝ የለኝ፣ ዕረፍት የለኝ። ዛሬ ሥራ ለቅቄአለሁ።»

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ አምባሳደሩ ደንግጦ።

«ክር ልገዛ።»

ወጣች። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችና እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

መጋረጃው ተገለጠ። ወንበር ተጎተተ። ጉሮሮ ተጠረገ፤ አንዴ አይደለም።

«ሄሎ።»

«ሄሎ አባዬ።»

«እናትሽ ወጥታለች።»

«ሰማሁ።»

«ክር ልትገዛ ነው።»

«እሺ።»

መንገድ ላይ አንድ መኪና አለፈ። ልብስ ሰፊዋ፣ ያን ሁሉ ዓመት መሐላቸው ስትመላለስ የኖረችው፣ ገብታ አንድ ነገር ማለት አማራት። ቻለችው።

«ያ... መብራት ሲጠፋ ያልሽው። የተቀዘፈው ይቀመጣል?»

«ይቀመጣል። እሱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ» አለ። ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ቶሎ ብሎ ቀጠለ፦ «በጥቁሩ ያለ ሰው፣ በነጩ ካለ ሰው ጋር አብሮ መቅዘፍ ይችላል ወይ? አንድ ደንበኛ ጠይቆኝ ነው።»

«ይችላል። ለደንበኛው ንገረው።»

«እነግረዋለሁ። ደንበኛው አሁን... ብቻውን ነው የሚቀዝፈው። በአንድ በኩል ብቻ ሲቀዘፍ ጀልባዋ አትሄድም። ዝም ብላ እዚያው ትዞራለች።»

«ለምን ብቻውን ይቀዝፋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ምናልባት ሌላ ሰው ማስቀመጥ አልፈለገም ይሆናል።»

ኮሪደሩ ላይ ያለችው ሴት አንገቷን አቀረቀረች። ባሏ ምሳ በልቶ ማሽን ልሞክር ብሎ መጋረጃውን ሲዘጋ የምትሰማው የውኃ ድምፅ ምን እንደነበረ አሁን ገባት።

«አባዬ።»

«ነዪ» አለ። እንደ ሳል ነው የወጣው። ከዚያ ትንሽ ጠራ አድርጎ ደገመው። «ነዪ በቃ። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«እመጣለሁ።» ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበች፤ ሳቀችም። «ግን ሁልጊዜ ናፍቃኛለች እያልክ አንድ ቀን ስልኩን ራስህ ብታነሳ ምን ነበረበት?»

«መቼ ነው ያልኩት?»

«በየሳምንቱ ነው እንጂ! እማዬ ስልክ ከመዝጋቷ በፊት ‹አባትሽ ናፍቃኛለች እያለ ነው› ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። እሷ ናት እንጂ አንድ ቀን እንኳ ናፈቅሽኝ ብላኝ የማታውቀው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አላለችም። እውነት ነው፣ አንድ ቀን አላለችም። እሱ ያለው መስኮት ነው፤ እሱ ያለው ዝናብ ነው። ያቺ ቃል ከየት እንደመጣች ጠይቃ አታውቅም። የሌላውን ዕቃ የምታደርስ መስሏት የራሷን በእሱ ስም ስታሳትም ኖራለች። የዚህ ቤት የእጅ አዙር ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ እሷ ያለማመንታት የምትጠቁመው ወደ መጋረጃው ነበር።

ሰውዬው አሁን አላልኩም ቢል ነፃ ነው። አላልኩም ማለት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የተካነበት ሙያ ነው።

«አዎ» አለ አምባሳደሩ። «ብያለሁ። እሷም ብላለች።»

«ምን ብላ?»

«ናፍቃኛለች ብላ። አሁን ራሱ እያለች ነው።»

«ወጥታለች አላልክም?»

«የት ትወጣለች? ከበሩ ኋላ ቆማለች» አለ። «ክር እኮ እዚህ ሞልቷል።»