ሰባት ቤት የተቆጠረለት ከተማ

ለሽምግልና የተላከ ሰው እውነቱን የሚናገረው ስሙን ሲጠየቅ ብቻ ነው! አትቆጡ እንጂ፤ ተልኬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። "ልጁ ይጠጣል ወይ?" ሲሉን "ኧረ ውሃ እንኳ ካልጠማው አይቀምስም!" እንላለን። "ቁጡ ነው ወይ?" ሲሉን "ድምፁን የምንሰማው ሲያስነጥስ ነው!" እንላለን። ሰፈር ሙሉ የሚያማርረው ጎረምሳ በእኛ አፍ ሲያልፍ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ለከተማ የዋሸ ሽማግሌ ግን እስካሁን ሰምታችሁ አታውቁም። የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም…

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አምቦ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ብሩክ የሚባል ልጅ አላት፤ አምቦ ተወልዶ፣ አምቦ ኮምፒውተር ተምሮ፣ ከዚያ ህንድ አገር ባንጋሎር የሚባል ከተማ ሄዶ ሥራ የያዘ። ይኸው ልጅ ለእናቱ ደውሎ "ሲፈንን ላገባ ነውና ሽማግሌ ላኪልኝ" አላት። ሲፈን አምቦ አብራው የተማረች የእጃጂ ልጅ ናት፤ የበቆሎ ነጋዴው የኦቦ ጉተማ ልጅ።

"አንተም ትሄዳለህ" አለችኝ እትዬ አስካለ።

"እኔ ምን አውቄ?"

"ካርታ ታነብ የለ? ያለበትን አገር ታስረዳለህ። ደግሞ እሺታ ሳትይዝ ብትመለስ ይሄን በር እንዳታንኳኳ!"

እህቴ ስትቆጣ ቀልድ አታውቅም። እሑድ እሑድ ምሳዬን የምበላው ደግሞ እሷ ቤት ነው። እንግዲህ የልጁ ትዳርና የእኔ ቀይ ወጥ በአንድ ገመድ ታስረው ነው ጉዞ የጀመርኩት ማለት ነው።

ሦስት ነበርን። መሪያችን ኦቦ ፈይሳ የተባሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ቢያስታርቁ፣ ቢያጋቡ የሚያምርባቸው ሰው። ሦስተኛው የእህቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ ትንሽ ያንቀላፋሉ እንጂ ግርማ ሞገሳቸው ብቻውን ይበቃል። በሚኒባስ ጉደርን፣ ጌዶን አልፈን እጃጂ ገባን። ኦቦ ጉተማ የበቆሎ ኬሻ ከተደረደረበት ግድግዳ አጠገብ ተቀብለውን "ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አሉን። ኦቦ ፈይሳ እንደ ደንቡ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለው ጀመሩ። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ እያጣፈጡ የልጁን ዘር በአባቱም በእናቱም ወገን ሰባት ሰባት ቤት ቆጠሩት። አባት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

"ጥሩ ነው" አሉ ሲጨርሱ። "ልጁን አውቀዋለሁ። አባቱንም አውቃቸው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። የማላውቀው ከተማውን ነው። ልጄ የምትገባው ልጁ ቤት ብቻ ነው እንዴ? ከተማው ውስጥም አይደል የምትገባው? ሂዱና የከተማውን ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ብቻዬን ነበርኩ የሳቅሁት።

"ከተማ ዘር አለው እንዴ ኦቦ ጉተማ?"

"ከየት መጣ? ማን ወለደው? ምን ሠርቶ ይበላል? ሰዎቹስ እንዴት ያሉ ናቸው? ይሄን ሳላውቅ ልጅ ልስጥ መምህር?"

የንስሐ አባታችን ከእንቅልፋቸው ነቅተው "ተገቢ ጥያቄ ነው!" አሉ። ለወንድ ወገን እንደመጡ ረስተውት ይሁን እንጃ…

ከዚያ በኋላ የነበረውን ኑሮዬን ምኑን ልንገራችሁ! ሌላ ጊዜ ተማሪዎቼን "ለምን አላጠናችሁም?" ብዬ የማፋጥጥ ሰውዬ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬ ላይ ተደፍቼ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ አንዲት የህንድ ከተማ ስሸመድድ ሰነበትኩ። ባለቤቴ "ፈተና አለብህ እንዴ?" ትለኛለች። አለብኝ እንጂ! ወዳቂው የእህቴን በር አያንኳኳም።

በቀጠሮው ቀን ተመልሰን ሄድን። ጠረጴዛው ላይ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀርቧል፤ ቅቤው ፊቱ ላይ ያብለጨልጫል። ሽማግሌ ግን እሺታ ሳያገኝ አይቀምስም፣ አይቀመጥም። የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አንቀላፉ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ፦

"በመጀመሪያ አንድ ባላባት የጭቃ ምሽግ ሠራ። ምሽጉም ገበያን ወለደ። ገበያውም ሐርና ጥጥ ሸማኔዎችን ወለደ። የሸማኔዎቹ ሀብት እንግሊዞችን ጠራ፤ እነሱም አየሩ ደግ ነው ብለው የጦር ሰፈር ተከሉ። የጦር ሰፈሩም ባቡርንና መብራትን ወለደ። መብራቱም ትልቅ የሳይንስ ትምህርት ቤት ወለደ። ትምህርት ቤቱም የአውሮፕላንና የስልክ ፋብሪካ ወለደ። የፋብሪካው መሐንዲሶችም ኮምፒውተርን ወለዱ!"

ኦቦ ጉተማ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው "ምሽጉን አባት ካልን ኮምፒውተር ሰባተኛ ቤት ሆነ" አሉ። የንስሐ አባታችን ወንጌል የተነበበ መስሏቸው ነው መሰለኝ አማተቡ።

"ከተማው ግን ስሙን ለውጧል አሉ" አሉ ኦቦ ጉተማ። ለካስ እሳቸውም አጠያይቀዋል! "ስሙን የለወጠ የሸሸው ነገር አለ።"

"ቤንጋሉሩ ተብሏል፤ ወደ ድሮ ስሙ ነው የተመለሰው። አምቦስ ሀገረ ሕይወት ስትባል ቆይታ አምቦ ተብላ የለ? ምን ሸሽታ ነው?"

"ኤዬ፣ እሱስ ልክ ነው" ብለው አለፉኝ። "ምን ይሸጣሉ?"

"ሥራቸው በአብዛኛው ሶፍትዌር ነው። የሌላ አገር ባንክ፣ የሌላ አገር ሆስፒታል ኮምፒውተሩ ሲታመም የሚያክሙት እነሱ ናቸው።"

"በኩንታል ስንት ይሄዳል?"

"አይመዘንም ኦቦ ጉተማ።"

"የማይመዘን ነገር ይሸጣሉ?"

"አዎ።"

"ገዢውስ መጉደሉን በምን ያውቃል?"

ሰው ፊት ባልሆን ኖሮ ደብተሬን አወጣ ነበር። ደግነቱ ወሬው ሰዎቹ ጋ ሲደርስ ኦቦ ጉተማ ራሳቸው ቀለል አደረጉት። "ህንዶችን እንኳ አውቃለሁ። ሚስተር ቶማስ የሚባሉ ሒሳብ አስተምረውኛል። ደግ ሰው ነበሩ" አሉና ግራ ጆሯቸውን ይዘው አሻሹ። ከጓዳው በር ጀርባ የልጅቷ እናት አዴ ጫልቱ ድምፅ መጣ፦

"ቴሌቪዥን ላይ እንዳየሁት እዚያ አገር አማት ክፉ ናት! ለምራቷ በወተት ውስጥ መርዝ ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ!"

"አዴ ጫልቱ፣ አማቷ እኮ አምቦ ያለችው የእኔ እህት ናት!"

"እሷስ ይሄን ተከታታይ ድራማ አታይም ብለው ነው?"

ሁሉም ሳቀ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ… እሺታው የአባትየው ጉሮሮ ጋ ደርሷል፤ ለጭኮው ምራቄን መዋጥ ጀምሬያለሁ። ግን አስተማሪን ካስጀመራችሁት ደወል ካልተደወለ መች ያቆማል? ሞቀኝ! "አየሩ የአምቦን አየር ያስንቃል! አበባው፣ መናፈሻው፣ የመስታወቱ ፎቅ! አንዴ የገባ ሰው መውጣት አይፈልግም!" ብዬ ለቀቅሁት።

ኦቦ ፈይሳ እግሬን ረገጡኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፌ ወጥቷል።

"መውጣት አይፈልግም አሉኝ?" አሉ ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው። ሳቁ ሁሉ ከቤቱ ጠፋ። "ሁለት ወንዶች አሉኝ፤ አዲስ አበባ 'ደርሰን እንመጣለን' ብለው እንደሄዱ ቀሩ። ዓመት በዓል ሲሆን በስልክ ድምፃቸውን እሰማለሁ። የቀረችኝ ሲፈን ናት። ወፍጮው ሲበላሽ አብራኝ የምትቆም፣ ስታመም ባኮ ድረስ ወርዳ መድኃኒት የምታመጣ እሷ ናት። እኔ ያለኝ በቆሎ ነው መምህር። እርስዎ ከሚሉት ከተማ ጋር በምን እወዳደራለሁ? አልሰጥም።"

 ሰውዬው እኮ ከተማውን ሳይሆን ባዶ ቤቱን ነበር የሚያዩት፤ እኔ ደግሞ ስለ አበባ አወራለሁ! ወዲያው የእህቴ በር ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ደንግጬ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባሁ።

"ኧረ ኦቦ ጉተማ! ከተማው እኮ ሲኦል ነው!"

የንስሐ አባታችን ብንን አሉ።

"መንገዱ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ጢም ያበቅላሉ! እርስዎ እጃጂና ባኮ ሲመላለሱ እዚያ ያለው ሰው አንድ መስቀለኛ አያልፍም! ሐይቆቹን ደፍነው ፎቅ ሠሩባቸው፤ ውሃው ደረቀ! በቦቴ ነው የሚታደለው! ኧረ ምን በቦቴ… ውሃ የሚባል ነገር የለም! ጠብታ!"

የቦቴው እንኳ በበጋ በበጋ እውነት ነው። "ጠብታ" ያልኩት ከራሴ ነው።

"ማል ጄቱ?" ብለው ተነሡ ኦቦ ጉተማ። "ምን ትላላችሁ? ልጄን ውሃ ወደሌለበት አገር ልትወስዱ ነው ይሄን ሁሉ ነጠላ ለብሳችሁ የመጣችሁት?"

"ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!" አሉ አዴ ጫልቱ ከጓዳ። "መርዙ ቢቀር በጥም ልትሞትብኝ!"

ኦቦ ፈይሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "መምህር፣ አሁን እንኳ ዝም ቢሉ ምናለበት?" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ክፍል ውስጥ እንደሚያወራ ተማሪ ተቆጡኝ! ነጠላዬን አጣፍቼ ለስንብት ስዘጋጅ የጓዳው በር ተከፈተና ሲፈን ወጣች።

"አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ በደንቡ መግባት አልነበረብኝም። ግን ብሩክ እኮ ሊመለስ ነው። መንገዱ መርሮታል። መሥሪያ ቤቱም ከአምቦ ሆኖ በኢንተርኔት እንዲሠራ ፈቅዶለታል።"

"ታዲያ ወደዚያ የሚሄደው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። "ለሁለተኛ ዲግሪ እዚያ ነፃ ትምህርት አግኝቻለሁ። ሳልሄድ በፊት እንጋባ ተባባልን። ልነግርህ ፈርቼ… ሽማግሌዎቹ ይነግሩታል ብዬ ነበር።"

ኦቦ ጉተማ ወደ እኛ ዞሩ። "ይሄን ታውቁ ነበር?"

እኔ እንኳን ይሄን ላውቅ፣ ስሜም ጠፍቶኛል! ግን ሽማግሌ አይደለሁ? "እንዴታ! እሱ ላይ ልንደርስ ስንል ነው እኮ!" አልኩ። ኦቦ ፈይሳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ እኛን አዩ።  ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ መፈታት ጀመረ።

"ቆይ… ልጄ ትሄዳለች፤ ባሏ አምቦ ይቀመጣል?"

"አዎ አባዬ።"

"ወንዶቹ ሲሄዱብኝ መያዣ አልያዝኩባቸውም። አሁን ግን ዋስ አለኝ! ባሏ እዚህ ከሆነ ትመለሳለቻ! እሷ እስክትመጣ እሑድ እሑድ እዚህ እየመጣ ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል። ዋስ ርቆ አይቀመጥም።" ሲፈን ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ሳሟትና ዕንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ጮኹብን፦ "ምን ትጠብቃላችሁ? ቁጭ በሉና ብሉ እንጂ!"

ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ቀን ያለ ጭኮ አልበላሁም።

እህቴን "ለምን አልነገርሽንም?" ብዬ አፋጠጥኳት። "'ልጄ ከህንድ አገር ተመልሶ አምቦ እናቱ ቤት ሊቀመጥ ነው' ብል ማን ልጅ ይሰጠኛል?" አለችኝ። አያችሁ እንግዲህ! እሷ የደበቀችው ነገር ነው ሰውዬውን እሺ ያሰኘው።

ብሩክ ተመልሶ መጣ፣ ሰርጉም አለፈ፤ የሲፈን መሄጃ ደረሰ። ኦቦ ጉተማ "የለመናችሁኝ ሰዎች ትሸኟታላችሁ" ስላሉ ሁላችንም ከእጃጂ በመጣው መኪና ተሳፈርን። ከአምቦ ሳንወጣ አስቁመው ወረዱና የከተማችንን ባለጋዝ ውሃ በካርቶን በካርቶን አስጫኑ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ኦቦ ጉተማ?"

"ጠብታ የለም ብለው የለ?"

ምን ልበል? "አጋንኜ ነው" ልበል? አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሠራተኛዋ ካርቶኖቹን አየች፣ ሲፈንን አየች፣ በሳቅ ፈረሰች። አንድም አላሳለፈችም። ኦቦ ጉተማ ግን ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ እኔ ገፏቸው። "መምህር ይውሰዱት፤ የውሃውን ነገር ያነሡት እሳቸው ናቸው።"

ሲፈን እንደደረሰች፣ ሁላችንም አንድ ላይ ሳለን፣ ብሩክ ስልክ ላይ ደወለች። ኦቦ ጉተማ እንዲሰሙ ብሩክ ድምፁን ከፍ አደረገው። "ጋሼ፣ ውሃ የለም ብለው አልነበር? ዝናቡ መንገዱን ጎርፍ አድርጎታል፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የተሻገርኩት!" ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ዘርግተው ግራ ጆሮዬን ያዙኝ። ሚስተር ቶማስ እንዴት ያሉ አስተማሪ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ብሩክ እሑድ እሑድ እጃጂ ይሄዳል፤ ለዋስነቱ። እኔ እሑድ እሑድ እህቴ ቤት እበላለሁ፤ ወጡ አልተጓደለብኝም። በአዘቦቱ ቀን ግን ከምሳዬ ጋር ያንን ውሃ እከፍታለሁ። ካርቶኑ መቼ አልቆ! ጋዙ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከጠጣችሁት በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ግሳት በመጣብኝ ቁጥር ባለቤቴ ከሳህኗ ቀና ሳትል ትጠይቀኛለች፦

"ባንጋሎር ደግሞ ዛሬ ምን አለች?"